የመጨረሻዋ ድንጋይ

ኩሲያን ከሰማዩ ማጉረምረም ይልቅ የአባቱ እጆች አስፈሩት። አባቱ፣ አዛውንቱ ገለቦ፣ ሌሊቱን ከተናደው የእርከን ካብ ፊት ቆመው አንዲት ድንጋይ ያገላብጣሉ። የት እንደምትገባ ጠፍቷቸዋል።

አዲሱ ካሜራ ከመጣ ወዲህ፣ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የተቀረጸ ሙያ ከባለሙያው እጅ ይጠፋል። የገዛ ወገኖቹን የኮንሶዎችን ባህል የሚቀርጸው ኩሲያም ሁሌ ሥራው ሳያልቅ ካሜራውን ያጠፋ ነበር። ትናንት አባቱ ሌላ ካብ ሲክቡም፣ "አባባ፣ የመጨረሻዋን ድንጋይ ይተዉልኝ" ብሏቸው ነበር።

"ካብ ጀምሮ የሚተው የኮንሶ ሰው የት አይተሃል?" አሉና አስገቧት። ኩሲያ በእጃቸው ውበት ፈዞ ካሜራውን ማጥፋት ረሳ።

በመንደሩ ካብ መካብ የሚያውቅ ከእሳቸው ሌላ አልቀረም። ደመናው ደግሞ ጠቁሯል። ከእርከኑ ሥር ካለው ቤት እናቱ የማሽላውን እንስራ አንድ በአንድ ወደ ውጭ እያወጡ ነው።

ኩሲያ አባቱ አይተው ቢማሩት ብሎ የትናንቱን ፊልም ከፈተላቸው። የሚታዩት እጆች ብቻ ናቸው፤ ድንጋዩን መታ መታ አድርገው፣ አዙረው፣ ቦታው ላይ ቁጭ ያደርጉታል። አባቱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ፊታቸው በራ።

"ይኼስ ሙያ ያለው ሰው ነው" አሉ፣ የልጃቸውን ትከሻ ይዘው። "ዝናቡ ሳይቀድመን ሮጥ ብለህ ጥራው።"