የእርግብግቢት ልስላሴ

የሕፃን እርግብግቢት ሲዳሰስ ምን ይመስላል? እህቴ አስካለ ናት የጠየቀችኝ። አንድ በሽታ የሁላችንንም እጅ ካደነዘዘ ወዲህ የምንዳስሰው በጓንት ነው፤ ጓንቱ ደግሞ የሚገባው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ቃሉን ሲነግሩት ስሜቱን ጣት ላይ ያመጣል።

"በል እስኪ ፈረንጁ፣ ያስተማርንህ ለዚህ ነው" አለችኝ፤ ልጇን ናሁሠናይን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ቅቤውን በሲኒ ይዛ። አናቱን ልትቀባው ፈልጋለች፤ ሳይታወቀኝ አጥብቄ እጫነው ይሆን ብላ ግን ፈርታለች።

"ፍላፊ" አልኩት እጇ ላይ ያለውን ጓንት።

"ይሄማ የተነደፈ ጥጥ ነው።"

"ፈዚ።"

"የኮክ ልጣጭ! ልጄ ኮክ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች።

"ዳውኒ" ስል ሳቋን አቆመች። "የጫጩት ሆድ ነው። ቀረብ ብሏል። ግን ከሥሩ ትር ትር የሚለው የታለ?"

ባሕር ማዶ ሳለሁ በእነዚህ ቃላት ልዩነት ተፈትኜ አልፌያለሁ። ከሥሩ ትር ትር የሚል ልስላሴ ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ምን ተምሬ እንደተመለስኩም እንጃ።

አስካለ ጓንቱን አወለቀች። የዶሮ ላባ ቅቤው ውስጥ ነክራ፣ ልጇን በጣቷ ሳትነካ ቀባችው።

ያን ዕለት ጓንቱን ለሚሠሩት ሰዎች መልእክት ላክሁ፦ "አንድ ቃል ጨምሩልን፤ ከሥሩ ትር ትር ለሚል ልስላሴ። እባካችሁ ፍጠኑ፣ የሕፃኑ አናት ሳይገጥም።"

ናሁሠናይ አሁን ግቢውን እየሮጠ ይዞረዋል። አናቱ ከገጠመ ቆይቷል። መልስ አልመጣም።