መኪና የሌላት ሴት ያሠራችው የሳብውፈር ሳጥን

«መኪናሽ የታለች?»

«መኪና የለኝም።»

ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ...

«ታዲያ እህቴ፣ ሳጥኑን በጀርባሽ ልታዝይው ነው?» አለ የሺዋስ የሚባለው ሠራተኛ።

ነገሩ የሆነው አሶሳ ነው። የጋራዡ ባለቤት ደባልቄ የመኪና ሳብውፈር፣ ማለትም ወፍራም ምት የሚያወጣው ትልቅ ስፒከር የሚገባበትን ሳጥን በመሥራት የታወቀ ነው። በፋይበር ግላስ ሲጨርሰውማ... ፊት ያሳያል!

ሙያው ላይ ግን አፍንጫውን ይነፋል።

ሴትየዋ ኸድራ ትባላለች። ገበያ ላይ ማንጎ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት። ሳቁ ንቅንቅ አላደረጋትም።

«ልጄ ነዕማ ቅዳሜ የወላጆች ቀን ጭፈራ አላት። ይሄ ሳጥን ከሌለ ወላሂ መምህሩ ከጭፈራ ያወጣታል።»

ደባልቄ ግራ ገባው። ጭፈራና የመኪና ሳጥን ምን አገናኛቸው?

«ላዩ ሰፊ ይሁን። ጠንካራ ይሁን» አለች። «ቀለም ግን ተው። እንዳይብለጨለጭ።»

ይሄኔ ደባልቄ ቱግ አለ።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ሲባል አልሰማሽም? እንዲሁ ግጥጥ ብሎ የሚወጣ ሥራ ከኔ ቤት የለም!»

አምስት ቀን ታገለ...

የኮምፖልሳቶ ጣውላውን ቆርጦ ገጠመ። ጨርቅ ወጥሮ ሬዚን የሚባለውን ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ አጠጣው። ፋይበር ግላሱን ድርብርብ አድርጎ አለበሰው። ሲደርቅ ፋቀው፤ ብናኙ እንደ ሳማ እየለበለበው ፋቀው። ስቱኮ ቀባ። ደግሞ ፋቀ።

በመጨረሻ የሴትየዋን አደራ ከነመፈጠሩ ረስቶ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ቀለም ለቀቀበት። የሺዋስ ሳጥኑ ላይ ፊቱን እያየ ጺሙን አበጠረ።

ቅዳሜ ደረሰ።

ደባልቄ የሺዋስን አስከትሎ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የፊት ወንበር ያዘ። ሰው ሁሉ «ማን ሠራው?» ሲል ለመስማት እኮ ነው!

ሳጥኑ ስፒከሩ ተገጥሞበት መሃል ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ ተሰለፉ። የከበሮው ድምፅ ከሳጥኑ ውስጥ ተነሣ... ዱም... ዱም...

የአሥር ዓመቷ ነዕማ ጫማዋን አወለቀች... ዘላ ሳጥኑ ላይ ጉብ!

«ኧረ ቀለሙን! ኧረ ሥራዬን!» ደባልቄ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

ነዕማ አንድ ጊዜ ረገጠች... አዳለጣት! በጉልበቷ ወደቀች።

ልጆች ሳቁ። መምህሩ ሊያስወጣት እጇን ያዘ። የኸድራ ፊት አመድ መሰለ።

ደባልቄ ግን አሁንም ቀለሙ ላይ ነው።

«አንቺ ልጅ! ውረጂ! ማን ውጪ አለሽ?»

ነዕማ ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም።

«ወንድሜ...» አለች ኸድራ። «አትጩህ። ልጄ አይሰማትም። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ሳጥኑ ሲነዝር ከበሮውን በእግሯ ነው የምትሰማው።»

ደባልቄ ክው አለ...

«እንዳይብለጨለጭ» ያለችው ልጇን አዳልጧት እንዳትወድቅ ኖሯል!

ኪሱ ገባ። ብርጭቆ ወረቀት አወጣ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው ተንበርክኮ... አምስት ቀን ያሳመረውን ቀለም ይፍቀው ጀመር!

«ኧረ ሰውዬው አበደ!» አለ የሺዋስ።

«ዝም ብለህ በዚያ በኩል ፋቅ!» ብሎ ከወረቀቱ ግማሹን ቀዶ ሰጠው።

ሁለቱም ፋቁ። ሳጥኑ ተጫረ፣ ሻከረ፣ ነጣ። ደባልቄ በመዳፉ ዳሰሰውና ለነዕማ እጁን ዘረጋላት።

ወጣች። ዓይኗን ጨፈነች።

ዱም... ዱም... ዱም...

ጨፈረች! አንዲት ምት ሳታዛንፍ ጨፈረች! የሚሰሙት ልጆች ግራ ሲገባቸው የማትሰማዋን ልጅ እግር እያዩ ተከተሏት። ሜዳው በእልልታ ተናጋ። መምህሩ ቆሞ አጨበጨበ። ኸድራ እየሳቀች ታለቅሳለች።

ከደባልቄ አጠገብ የቆመ አንድ ሰውዬ ጠጋ ብሎ፣

«ሳጥኑ ድምፁ ጉድ ነው! ግን ምነው እንዲህ ተጫጫረ? ማን ነው የሠራው?» አለው።

ደባልቄ እንባውን በክንዱ ጠረገ።

«እኔ ነኝ!» አለ ጮክ ብሎ። «እኔ ነኝ የሠራሁት!»

ወዳጆቼ... ሥራ አለቀ የሚባለው ሠሪውን ሲያስመሰግን አይደለም፤ የተሠራለትን ሰው ቀጥ አድርጎ ሲያቆም ነው። ያዘዛችሁን ሰው ደግሞ ከመሳቃችሁ በፊት «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ደባልቄ ያቺን አንዲት ቃል ቢጠይቅ ኖሮ ልጅቷ ባልወደቀች!

እስቲ እናንተ ብትሆኑ... በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የገዛ ሥራችሁን ትፍቁት ነበር? እውነቱን ብቻ ኮመንት ላይ!