መፍቻው

የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም በባትሪ የሚሠራውን የቡሎን መፍቻ ከመውሰዱ በፊት ሊሞክረው ግቢ በቆመችው መኪና ጎማ ሥር ተንበረከከ። «ይሄ የወንድ ዕቃ ነው፤ አንቺ ጋር ዝጎ ነው የሚቀረው» ብሏት ነበር ገና ከበር ሲገባ። መፍቻው እጁ ላይ ተንጣጣ፣ እሱም ጥርሱን ነክሶ ተጫነው፤ ቡሎኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ባትሪው ሞቷል» አለ ላቡን እየጠረገ። «ግድ የለም፣ ወስጄ አሠራዋለሁ።»

መጥታ ከእጁ ተቀበለችው። ከምላጩ በላይ ያለችውን ትንሽ መቀያየሪያ ግራሶ ባልለቀቀው አውራ ጣቷ ወደ ሌላው ጎን ገፋቻትና ተጫነች። ቡሎኑ ቋ ብሎ ላላ፤ እየተሽከረከረም ወጣ።

«ጋሼ፣ መፍቻ ስለተባለ መፍታት ብቻ የሚያውቅ መሰልዎት? እስካሁን ሲያጠብቁ ነበር።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እሺ፣ ገባኝ። በይ አምጪው» ብሎ እጁን ዘረጋ።

መቀያየሪያዋን መለሰቻት። ቡሎኑን ቦታው አስገብታ ጥርቅም አድርጋ አጠበቀችው፤ መፍቻውንም ብብቷ ሥር ሸጎጠች።

«እርስዎ ያጠበቁትን ፈታሁት» አለችው። «እኔ ያጠበቅሁትን በባዶ እጅዎ ከፈቱት ይውሰዱት።»