የኦርቪል ሃውገን ትንፋሽ

ሴትዮዋ የአልኮል ትንፋሽ መለኪያዋን በጥቁር ሳጥን ይዛ የመጣችው በጥር ወር፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በሰሜን ዳኮታ ሜዳ ላይ ባለችው የጭነት ባቡር ጣቢያ ፈረቃ የሚጠብቁት ሰዎች አጉረመረሙ። ሌላ ጊዜ ስትመጣ በዕጣ የወጡ አምስት ስድስት ስሞች ይዛ ነው። ያን ቀን የያዘችው አንድ ስም ብቻ ነበር።

«ኦርቪል ሃውገን» አለች።

ኦርቪል ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ነድቷል። የዚያን ቀን ጭነቱ አርባ ፉርጎ መርዛማ አሞኒያ ነበር፤ ሐዲዱ ደግሞ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያልፋል። ስሙን ጠርታ ሳትጨርስ ተነሣ። ነፋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ነፋ። ሴትዮዋ ቁጥሩን ጻፈች፣ እሱ ፈረመ፣ መኪና መጥቶ ወሰደው።

«ማን ነው የጠቆመው?» አለ ሎወል።

ሎወል ከኦርቪል ጋር ዘጠኝ ዓመት በአንድ ባቡር የሠራ ሰው ነው። ሁሉም ወደ ስምሪት ክፍሉ መስኮት ዞሩ። ከመስታወቱ ጀርባ ከሌላ ጣቢያ ተዛውራ ከመጣች አምስት ወር ያልሞላት ቨርና ስትራንድ ተቀምጣለች።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ሎወል። «አሥራ አንድ ተኩል ላይ መስኮቱ ላይ ተደፍቶ ሲለምናት ነበር። እንባውን እያፈሰሰ! እሷ ግን በእምቢታ ራሷን ትነቀንቃለች።»

በማግስቱ ኦርቪል ለሃያ ስምንት ቀን ማገገሚያ እንደገባና ስልክ እንደማይፈቀድለት ተሰማ። ሎወል መስኮቱን ደበደበ።

«እሜቴ! ሽማግሌ አስለቅሰሽ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደሽ?»

«እኔ አልደወልኩም።»

«እና ምን እያለሽ ነበር?»

«ሲመለስ እሱን ጠይቀው።»

«አፈር ብዪ! ጆሮ ጠቢ!»

ከዚያ በኋላ ሰላም የሚላት ጠፋ። በሬዲዮ ስትጠራቸው ሦስቴ አራቴ ካላስለፈለፏት አይመልሱም። የዕቃ ሳጥኗ ላይ በግራሶ «ጆሮ ጠቢ» ብለው ጻፉበት። ጠርጋ ታጠፋዋለች፤ በማግስቱ እንደገና ተጽፎ ታገኘዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ገባ። እዚያ አገር በክረምት መኪና ሲቆም የሞተሩ ማሞቂያ ገመድ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ካልተሰካ ሞተሩ ይደርቃል። ሎወል የቨርናን ገመድ ነቀለው።

ከሥራ ስትወጣ መኪናዋ አልነሣ አላት። አራት መኪና በአጠገቧ አለፈ። አንዱ ቀስ አለ፤ ጡሩምባውን ነፍቶባት ሄደ። ሦስት ኪሎ ሜትር በእግሯ ተጓዘች። የግራ እጇ የሁለት ጣቶች ጫፍ ጠቆረ፤ ሐኪም ቆረጠው።

ያን የሰሙ ዕለት ማንም አልሳቀም። ይቅርታ የጠየቃትም የለም። ሎወል ብቻ «ጓንት አታደርግም ኖሯል?» አለ።

ቨርና እጇን በፋሻ ጠቅልላ አሥር ቀን ሠራች። ስለዚያ ጠዋት አሁንም አንድ ቃል አልተናገረችም። ዓርብ መልቀቂያዋን አስገባች፤ እህቷ ከሞንታና መጥታ ይዛት ሄደች።

ኦርቪል ወጥቶ ቤቱ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ሎወል በጭስ የደረቀ ዓሣ ይዞለት ሄደ። ሰውየው ከስቷል፤ ዓይኑ ግን ጠርቷል።

«ሥራዬን አልወሰዱብኝም» አለ ኦርቪል። «በጸደይ እመለሳለሁ።»

«እሷ ግን አትመለስም! ልኳን አሳየናት» አለ ሎወል፣ ወንበር ስቦ። ከዚያ ሁሉንም አወራለት፦ ገመዱን፣ ጣቶቿን፣ መልቀቂያዋን። «እኔ እኮ ምስክር ነኝ፤ ያን ዕለት ጠዋት እንዳትጠቁምህ ስትለምናት አይቻለሁ።»

ኦርቪል ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጠቁሚኝ እያልኩ ነበር የምለምናት፤ ‹አንተው ብትደውል ነው የሚሻልህ› ብላ ስልኩን አቀበለችኝ።»