ቤተኛ መሳይ

መምህርቷ ዋርሳዋ ጥገኛ ትል መሆኑ የገባት አንድ ቀን ቁርስ ላይ ነው።

የባሏ ታላቅ ወንድም ለዓመታት ሩቅ አገር ሲሠራ ኖሮ በቅርቡ መጥቷል። «ለጥቂት ቀን ነው» ተባለና ሳሎን ሶፋው ላይ ተነጠፈለት። ጥቂት ቀኑ አለፈ፤ ሰውየው ግን አላለፈም። ያን ጠዋት ባሏ የሚለብሰውን ካፖርት ደርቦ፣ ሻዩን ይዞ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ግቢውን ያያል። ካፖርቱ ልክክ ብሎበታል። ባሏ ላይ እንኳ እጅጌው ይረዝም ነበር።

«አለባበሱን አሳምሮታል እኮ!» አለች በሆዷ።

ሙያዋ ነው። የሕክምና ተማሪዎችን ስለ ጥገኛ ትሎች ታስተምራለች። ያን ዕለትም ክፍል ገብታ ያስተማረችው ይህንኑ ነው።

«የቢልሃርዝያ ትል ደም ሥር ውስጥ ዓመታት ይኖራል» አለች። «የሰውነት ወታደሮች ለምን ዝም ይሉታል? ከባለቤቱ ደም የወሰደውን ቆዳው ላይ ስለሚለብስ ነዋ። ሲያዩት የቤት ሰው ይመስላቸዋል። የሚያረጋጋ ነገር የሚያመነጩ ትሎችም አሉ፤ ቁጣው ገና ሳይነሳ ይበርዳል።»

«ታዲያ በምን ይታወቃል?» ብላ አንዲት ተማሪ ጠየቀች።

«ሁሉ ሰላም ሲሆን ጠርጥሪ» አለች መምህርቷ። መልሱ ራሷን ደስ አሰኛት።

ቤቷ ገብታም ጠረጠረች። ውሻው ዋርሳዋ ከመጣበት ዕለት ጀምሮ አልጮኸበትም፤ እንዲያውም እግሩ ሥር ይንከባለላል። ባሏ ላይ ግን ዛሬም ይጮሃል፤ ደደብ ውሻ! ከእሷ በፊት ጀምሮ ግቢው ውስጥ የኖረው ሽማግሌ ዘበኛ ለባሏ ከወንበሩ ተነቃንቆ አያውቅም፤ ለእንግዳው ግን ብድግ ይላል። ሰውየው ማብሪያ ማጥፊያውን በጨለማ ሳይዳብስ ያገኘዋል። የኩሽናው ቧንቧ ሲፈነዳ ማንንም ሳይጠይቅ ጓሮ ሮጦ የውኃውን መዝጊያ ዘጋው። ምን ዓይነት ጥናት ነው ያጠናው!

«እህቴ፣ አስቸገርኳችሁ አይደል?» ይላታል በዚያ ላይ አንገቱን ደፍቶ።

«ኧረ ምን ችግር አለ፣ ጋሼ» ትለዋለች፣ ቆሽቷ እያረረ።

አንድ ምሽት ሰሃን ስታጥብ ከሳሎን ሹክሹክታ ሰማች።

«ነገርካት?» አለ ዋርሳዋ።

«ቀስ ብዬ ነው» አለ ባሏ። «እባክህ ጋሼ፣ ትንሽ ታገሠኝ።»

ደሟ ፈላ። ቤቱን ሊካፈላቸው ነው ማለት ነው! ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ የኖረችበት ቤት ነው። ግድግዳውን ያስቀባችው፣ ጽጌረዳውን የተከለችው እሷ ናት። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ዳዴ የሚለው እዚህ ወለል ላይ ነው። ይህን አስባ ፈራች፤ ከልቧ ፈራች።

መኝታ ቤት ሲገቡ ባሏን አፋጠጠችው። «ወንድምህ መቼ ነው የሚሄደው?»

«ተረጋጊ፣ የኔ ንግሥት። ለልጁም ጥሩ አይደለም» አለና ጀርባዋን ያሽላት ጀመር። ሻይ አፈላላት። እግሯን ትራስ ላይ አሳረፈላት። እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል? ከተጋቡ ወዲህ ስለ ቤቱም ሆነ ስለ ሌላው ጥያቄ ይዛ ትመጣና፣ ጥያቄዋን ረስታ እንቅልፍ ይወስዳታል። ያን ምሽትም ወሰዳት።

ስትነቃ ግን ቁርጡ ታያት። ባሏ ደግ ነው፤ ደግነቱ ነው ለወንድሙ ፊት የሰጠው። ስለዚህ ነገሩን ራሷ መጨረስ አለባት። ቅዳሜ ባሏ ገበያ እንደወጣ የእንግዳውን ልብሶች ሻንጣ ውስጥ አጨቀች፤ ሻንጣውንም ጎትታ በረንዳው ላይ አቆመችው።

ዋርሳዋ ጽጌረዳውን ውኃ ሲያጠጣ ቆይቶ መጣ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለችው። «ልጅ ልንወልድ ነው፤ ቤቱ ጠበበን። ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።»

ሰውየው ሻንጣውን አየ፤ እሷን አየ፤ ሆዷን አየ። «አልነገረሽም ማለት ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ እህቴ። እንዳትደነግጪ።»

ይኸው፣ ማረጋጋቱን ጀመረ! ይህንንማ እሷ ታስተምረዋለች እንጂ እሱ አያስተምራትም።

«አልቀመጥም!» አለችና ወደ በሩ ተጣራች። «አባባ! ይምጡና የእንግዳውን ሻንጣ ያውጡልኝ! እሳቸውንም ይሸኙልኝ!»

ሽማግሌው ዘበኛ እየተጎተተ መጣ። ቆቡን አወለቀ። ሻንጣውን ሳይነካ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ።

«እትዬ፣ ጌታዬን ከገዛ ቤታቸው ከማስወጣ፣ እስክመለስ ጠብቅልኝ ብለው ያስጠጉትን ባልዎን ባስወጣ አይሻልም?»