ሁለት ጊዜ የማይቆረጥ ጥድ

አዛውንቱ ቶኩጂ መቀሳቸውን ሲያነሱ ያየችው ምራታቸው ሳዋኮ፣ የውሃውን ጎማ እዚያው ጥላ ሮጠች። ጎማው ባለቤት እንዳጣ እባብ እየተገለባበጠ ጎረቤት ያሰጣውን አንሶላ አራሰው። ይራስ።

ሽማግሌው ትልቁን ጥቁር ጥድ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ከፊቱ ተቀምጠዋል። ትልቁ ይባል እንጂ ከነሸክላው አንድ ክንድ አይሞላም። በዕድሜ ግን እሳቸውን ይበልጣቸዋል። አባታቸው ከፍሬ አብቅለውት፣ እሳቸው ደግሞ ሰባ ዓመት ሙሉ እየቆረጡና በሽቦ እያጎበጡ ድንክ እንደሆነ እዚህ አድርሰውታል።

«ዘንድሮ ቀንበጡ አጭር ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ውሃ ትሰስቺበታለሽ መሰል።»

አጭር የሆነው ሁለተኛው ስለሆነ ነው። የመጀመሪያውን ሰኔ ላይ ራሳቸው ቆርጠውታል፤ አንድም ሳይቀር። አሁን ሐምሌ ሊያልቅ ነው፣ ከየቁስሉ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ቡቃያ ወጥቷል። ጥድ በዓመት አንዴ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ይሄኛው ከተነካ ግን ሌላ የሚያወጣው የለውም። ብርዱ ሳይገባ ይደርቃል።

ባለፈው ሳምንት ቁርስ በልተው ሲያበቁ ቁርስ የታለ ብለዋት ነበር። ያኔ ሁለተኛ ሳህን አቀረበች፣ እሳቸውም በሉት፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ባሏ ግን አንድ ቀን «ረስተኸው ነው እኮ አባዬ» ብሎ ፊት ለፊት ቢነግራቸው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

በግራ እጃቸው የያዙት መቀስ አፉን ከፈተ።

«አባባ፣ ቆርጬዋለሁ።»

እጃቸው ባለበት ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ሰኔ ላይ፣ እርስዎ ተኝተው ሳለ። ሁሉንም እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

ከዚያ በኋላማ ወረዱባት። ማን ፈቀደልሽ፣ በማን መቀስ፣ ጎማ የጨበጠ ሁሉ ጥድ ይነካል ወይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ማጠጣት እንኳ መች ቻልሽበት። ሳዋኮ አንገቷን ደፍታ ስድቡን ጠጣችው። የቀረውን ስድብ ለመጨረስ ጥፋት ማግኘት ነበረባቸውና መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አውርደው፣ ጥዱን ቀስ እያሉ አዙረው ቁስሎቹን አንድ በአንድ ፈተሹ። ብርቱው ቀንበጥ ላይ ረዘም ያለ ጉቶ ተትቷል፣ ደካማው ላይ አጠር ያለ። ቁርጡ ሁሉ በጥቂቱ ወደ ግራ ያዘነብላል።

አውራ ጣታቸው አንዱ ላይ ቆመ። እዚህ ኪናሺ መንደር ውስጥ በግራ እጁ ጥድ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ሳዋኮ ደግሞ ቀኝ እጇን ነው የምትጠቀመው።

ሲካዳ የሚባሉት ነፍሳት ዛፍ ላይ ይጮሃሉ።

«ጥሩ ተቆርጧል» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አስተማሪዬ ኃይለኛ ስለሆኑ ነው።»

አልሳቁም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ እጀታውን ወደ እሷ አዙረው።

«ከእንግዲህ የቆረጥሽውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ። መቀስ ይዤ ከመቀመጤ በፊት።»

«እሺ አባባ።»

ወንበራቸው ረጅም አግዳሚ ነው። ወደ ዳር ፈቀቅ አሉላት። ሳዋኮ እርጥብ እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። እንጨቱ ገና ሙቀታቸውን አልለቀቀም ነበር።