ቀይ መቀነት

ቢራቢሮዋ ከሽፋኗ ወጥታ የተጨማደደ ክንፏን መዘርጋት ስትጀምር ተመራማሪዋ ጠጋ ብላ አየች። የቢራቢሮዋ እናት ተራ ጥቁር ነበረች፤ አባቷ ግን ወፎች የሚሸሹትን መርዛም ዝርያ የሚያስመስለው ቀይ መቀነት ክንፉ ላይ ነበረው። አጠገቧ አጉሊ መነጽር ይዘው ያጎነበሱት የቀድሞ መምህሯ፣ እንዲህ ያለው መመሳሰል በብዙ ትውልድ ጥቂት በጥቂት እንጂ በአንዴ አይመጣም እያሉ ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል። እሷ ደግሞ በአንድ ዝላይ ይጀምራል፣ ለልጅም ሙሉውን ይተላለፋል ባይ ነበረች፤ በዚህ ያልተከራከሩበት ቀን የለም።

«ጠብቂ፣ የእናትና የአባቷ ድብልቅልቅ ያለ ቀለም ነው የሚወጣው» አሉ።

ክንፉ ተዘረጋ። ቀዩ መቀነት ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆኖ ወጣ። ተመራማሪዋ ደስ አላት፤ የሽማግሌውን ፊት ለማየት ግን ፈራች።

«ጋሼ፣ መቼም አንድ ብቻ ስለሆነች...» ብላ ልታጽናናቸው ጀመረች።

«ዝም በይ እስቲ!» መነጽሩን አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «ጠርዙ ደብዘዝ ብሏል፣ አየሽ? እሱን የሚያጠራው ጥቂት በጥቂት የሚመጣው ለውጥ ነው። ዝላዩ ያንቺ፣ ሞረዱ የኔ!»

ሳቃቸው ክፍሉን ሞላው። ወዲያው በሩን በርግደው ኮሪደሩ ላይ ወጡና፣ «ኑ! ኑ እዩ! ተማሪዬ ጉድ ሠራችኝ!» እያሉ የፎቁን ሰው ሁሉ ይጠሩ ጀመር።